የቆዳ ከስክስ ጫማን ለዓመታት ማቆየት፦ ከጭቃው ይልቅ ከሰሉን ፍሩ

የመጀመሪያውን የቆዳ ከስክሴን የገደልኩት እኔው ነኝ። ተራራ ላይ አይደለም፤ ቤት ውስጥ፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ።

ሐምሌ ነበር። ከሰበታ ተነስተን በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ወጨጫን ስንወጣ ዝናቡ ሲወቅጠን ዋለ። ማታ ቤት ስገባ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። በማግስቱም ሌላ ጉዞ ነበረብኝ። እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላለች። ጫማዬን ከምድጃው አንድ ክንድ ያህል አርቄ አስቀመጥኩና ተኛሁ። ጠዋት ሳነሳው እንደ ቋንጣ ደርቋል። እግሬን በግድ አስገብቼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ጣቶቼ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ «ጧ» አለ። ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባ ነበር።

ሁለተኛው ጫማዬ ግን ይኸው ዘጠነኛ ክረምቱን ይዟል። የማደርገው እንዲህ ነው።

1. ስትገዙ

የኔን የገዛሁት መርካቶ ሰልባጅ ተራ ነው። አዲስ የመግዛት አቅም ካላችሁ እሰየው፤ ከሌላችሁም አትፈሩ፣ ግን አገላብጡ። ማሰሪያው የሚገባበትን ወይም የምላሱን ጠርዝ እዩ። ሙሉ ቆዳ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋ ይታያል። ላዩ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የተለበጠበት ከሆነ ከነዋጋው እዚያው ተዉት። ስፌቱ ያነሰ ጫማ ይሻላል፤ ውሃ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ነው።

ግዢው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣል። ተራራ የምትወጡበትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያውን ሳታስሩ ጣታችሁን ወደ ፊት እስኪነካ ግፉና ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ የእጅ ጣት የሚገባ መሆኑን እዩ። ካልገባ ቁልቁለት ላይ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ትሰናበታላችሁ።

2. ማለማመድ

መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ሱቅ ድረስ፣ ከዚያ እንጦጦ። ወጨጫ ከ3300 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ ጫማ የሚሞከርበት አይደለም። «ውሃ ውስጥ ነክረህ እግርህ ላይ እስኪደርቅ ሂድበት» የሚል አቋራጭ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። አትስሙት። እኔ ሰምቼ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው ሳምንት ሙሉ በነጠላ ጫማ ቢሮ ገብቻለሁ።

3. ማሰርና መታጠብ

ማሰሩን ታውቁታላችሁ። ዳገት ላይ ከላይ ላላ፣ ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ። በቃ።

ጭቃው ግን ትንሽ ወሬ አለው። በኛ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የቤታችንን ግድግዳ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ጫማ ላይ ተጣብቆ ሲደርቅ ደግሞ የቆዳውን እርጥበትና ቅባት ይመጥጣል። እንደ አሸዋ ወረቀትም ስፌቱን ይፍቃል። ስለዚህ «ነገ አጥበዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። የዚያኑ ማታ ለብ ባለ ውሃና በብሩሽ፣ ምላሱ ሥር ድረስ። ዱቄት ሳሙና አትጨምሩ፤ የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ይወስደዋል።

4. ማድረቅ

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቆዳ ማለት እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ክሮች ማለት ነው። በክሮቹ መካከል ቅባት ስላለ ሲታጠፉ ይንሸራተታሉ። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ሙቀት ይፈራል። ለእጃችሁ ደስ የሚል የከሰል ወላፈን ለረጠበ ጫማ ብዙ ነው። ክሮቹ ይኮማተራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ መንሸራተት ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ሲታጠፉ ያላቸው ምርጫ መሰንጠቅ ብቻ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ የፈለጋችሁትን ብትቀቡት አይገጥምም።

ከሰል ብቻ አይምሰላችሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ገና ያልበረደ ምጣድ፣ የፀጉር ካስክ፣ የመኪና ማሞቂያ፣ ሁሉም ያው ናቸው። የቀትር ፀሐይም ጭምር። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ክረምት ላይ ለአንድ ሰዓት ብልጭ የምትለው ፀሐይ ቀላል አይደለችም። ጫማውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰጡ ጎረቤቶች አሉኝ። ተናግሬ ተናግሬ ትቻቸዋለሁ።

ታዲያ እንዴት ይድረቅ? የውስጡን ሶል አውጡትና ለብቻው ስቀሉት። ማሰሪያውን እስከ ታች አላሉ፣ ምላሱን ወደ ፊት ጎትቱ፣ ጫማው አፉን ይክፈት። ጋዜጣ ጨፍልቃችሁ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ ጠቅጥቁ። ግን እንደ በርበሬ ከረጢት አትወጥሩት፤ ቅርፁ ይበላሻል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን አውጡት፤ እንደ ረጠበ እንጀራ ሆኖ ይወጣል። ቀይሩት። ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ፣ ጠዋት አንዴ ደግሞ ቀይሩ። ብዙ ሰው ጋዜጣውን አንዴ ከትቶ ይረሳዋል። የረጠበ ጋዜጣ ግን ውሃውን እዚያው ጫማው ውስጥ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ምንም አይጠቅምም።

ጫማውን በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር፣ በጎኑ አስተኙት። ሶሉ መሬት ላይ ከተለጠፈ ከሥር አይደርቅም። በበጋ አንድ ቀን ይበቃዋል። በክረምት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። የማክሰኞ ጉዞ ካላችሁ እሑድ ሌላ ጫማ አድርጉ።

መድረቁን በዓይን አትፍረዱ። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ያታልላል። እጃችሁን እስከ ጣቶቹ ጫፍ አስገቡና ትንሽ አቆዩት። ቀዝቀዝ ካላችሁ ገና ውሃ እየተነነ ነው። እኔ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ ብቻ ስንት ሰዓት እንደቀረው እገምታለሁ። ባለቤቴ ጫማ እንደ በሽተኛ ሲዳሰስ አይታ አታውቅም ነበር።

5. መቀባት

ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ጀምሩ፤ ቅባቱ ያኔ በደንብ ይሰርጋል። የንብ ሰም ያለበት የጫማ ቅባት ይሻላል። በጨርቅ ሳይሆን በጣት ቀቡ። የጣት ሙቀት ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ስፌቱም ውስጥ ያስገባዋል። ስስ ይሁን። ካበዛችሁት ቆዳው እንደ ካልሲ ይልፈሰፈስና ቁርጭምጭሚት መደገፉን ያቆማል። ሲበቃው ራሱ ይናገራል፦ ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉበት እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ደህና ነው፣ ከጠጣው ጊዜው ደርሷል።

እናቴ ከሰሉ ላይ የደረሰውን አይታ «በቅቤ እሸው፤ ጠፍርስ የሚለሰልሰው በምን ሆነና?» ብላኝ ነበር። አሸሁት። እውነትም ለሰለሰ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሙሉ ሸተተ፤ በአራተኛው ሌሊት የጎረቤት ውሻ የግራውን ምላስ ገንጥሎ ሄደ። የጠፍር ነገር ሌላ ነው፤ ጠፍር እግር አይገባበትም። ቫዝሊንም ለአንድ ቀን ያለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ይለጥፍበታል።

ለሊስትሮ ስትሰጡ «ቀለም አትቀባ፣ ብሩሽ ብቻ» በሉ። ፈሳሹ ቀለም ያሳምራል እንጂ አይመግብም።

6. ሶሉ

ተራራ ጫማ ድሮ ከሥሩ ምስማር ይመታበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ተራራ ወጪዎች ከሞቱ በኋላ ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል መሥራት ጀመረ። በ1937 አወጣው። የዛሬው ቪብራም የእሱ ስም ምህጻር ነው። ሰልባጅ ተራ ቢጫ ስምንት ማዕዘን ምልክት ያለበት ሶል ካያችሁ እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ጎማው ደህና ሆኖ ከላዩ ያለው ለስላሳ ንብርብር ሊሞት ይችላል። አንድ ጊዜ አዲስ የሚመስል አሮጌ ጫማ አድርጌ የሬር ተራራ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀኙ ሶል እንደ አፍ ተከፈተ። በማሰሪያ ጠምጥሜ፣ እያነከስኩ ወረድኩ። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ፍርፍር አለ። «ልጄ፣ ይሄ አልተነቀለም፤ በስብሷል። ማስቲሽ አታባክን» አሉኝ። ንብርብሩ ፖሊዩሪቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ባይራመዱበትም የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ እንዲያውም ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ይብሳል። ስለዚህ አሮጌ ጫማ ስትገዙ የሶሉን ጎን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ዱቄት ካወጣ፣ ሳቁና ሂዱ።

ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ጫማ ግን ሲያልቅ ይቀየራል። ከመኪና ጎማ ቆርጠው፣ እንደ በረባሶ፣ የሚገጥሙላችሁ አሉ። ሞክሬዋለሁ። አያልቅም፤ ግን ይከብዳል፣ አይታጠፍም፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ከብት ለመጠበቅ ይሆናል።

7. ማስቀመጥ

ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ይሻግታል። ደረቅ ጋዜጣ ሞልታችሁ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ከጉዞው ሳምንት ቀድማችሁ አንዴ አድርጉትና ዳቦ ለመግዛት ውጡበት። የሚከፈት ሶል ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ይከፈት።