ብራናና ሥዕል በቤተ ሙከራ ሲመረመር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅርስ ጥበቃ ምርምር ውስጥ ጀማሪ ቢሳሳት ልኬቱ ይደገማል። ከፍተኛ ተመራማሪ ሲሳሳት ግን ስህተቱ ፊርማ አለበት፤ ከዘገባ ወደ ካታሎግ፣ ከካታሎግ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ዓመታት ይኖራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በየትኛውም ቤተ ሙከራ ይታያሉ። ምሳሌዎቹን ግን በአብዛኛው ከብራና መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወስደናል፤ ከቅርሳችን ብዙው እዚያ ነውና።

ጥያቄው ሳይጠራ መሣሪያ መክፈት

«ቀለሞቹ ምን ምን እንደሆኑ ንገሩን» ብሎ የመጣ ጠጋኝ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሌላ ነው። የብራናውን ቅጠል በእርጥበት አላልቶ ሊያቃና አስቧል እንበል፤ ያሳሰበው ቀዩ ቀለም ይሟሟል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው የንጥረ ነገር ዝርዝር አይደለም። በማጉያ ሥር፣ በማይታይ ጠርዝ ላይ፣ በጥቂቱ በረጠበ ቀጭን የጥጥ ጫፍ የሚደረግ ሙከራ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከጠጋኙ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ይበጃል፦ ውጤቱ ሲመጣ የትኛው ውሳኔ ይለወጣል? የሚለወጥ ከሌለ ናሙና አይወሰድም።

ኮምፒዩተሩ የጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ማመን

በጣም የተለመደውም በጣም የሚያሳፍረውም ይህ ነው። በእጅ የሚያዘው የኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ቁሱን በኤክስ ሬይ መትቶ ከሚመለሰው ጨረር በአንድ ደቂቃ ውስጥ የንጥረ ነገሮችን ስም ደርድሮ ያቀርባል። ዝርዝሩን ያወጣው ሶፍትዌር ግን ስለ ቀለም የሚያውቀው የለም፤ በስፔክትረሙ (መሣሪያው በሚያወጣው የጨረር ግራፍ) ላይ ያሉትን ጫፎች ከሠንጠረዥ ጋር ማመሳሰል ብቻ ነው ሥራው።

በሐረግ (በብራናው ጌጥ) ላይ ያለ ቢጫን እንውሰድ። ኦርፒመንት የሚባለው ቢጫ የአርሰኒክና የድኝ ውህድ ነው። የአርሰኒክ ዋና መስመር (ጫፍ) 10.54፣ የእርሳስ ደግሞ 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሚያርፍ ተራ መሣሪያ ሁለቱን አይለያቸውም። በአቅራቢያው ከእርሳስ ብረት የሚሠሩት ቀለሞች ነጭ እርሳስ ወይም ቀይ እርሳስ ካሉ ሶፍትዌሩ የሌለ አርሰኒክ ይጽፋል፤ ያለውንም ሊያስቀር ይችላል። መፍትሔው ሁለተኛዎቹን መስመሮች በዓይን መፈለግ ነው፤ የአርሰኒክ 11.7 አካባቢ፣ የእርሳስ 12.6 አካባቢ ይወጣል። 12.6 ላይ ጉልህ ጫፍ ኖሮ 11.7 ላይ ምንም ከሌለ የተጻፈው «አርሰኒክ» እርሳስ ነው። «ድኝም ስላለ ኦርፒመንት ነው» ማለትም አያዋጣም፤ የድኝ መስመር 2.31፣ ሌላው የእርሳስ መስመር 2.35 ላይ ነውና እዚያም ይደራረባሉ። ከዚህ በኋላ የሚያስታርቀው በሌዘር ብርሃን ውህዱን ራሱን የሚለየው የራማን ልኬት ነው። በራማን መለኪያ (በሴንቲ ሜትር ተገላቢጦሽ) ኦርፒመንት 355 አካባቢ፣ ቀይ እርሳስ 549 አካባቢ ጎልቶ ይታያል።

ሰማያዊም የራሱ ወጥመድ አለው። ብረት በብዛት ባለበት የብረት ሁለተኛ መስመር 7.06 ላይ ይወጣና ከኮባልት 6.93 ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ «ኮባልት ያለበት የተፈጨ ሰማያዊ ብርጭቆ» የሚል ዘገባ ይጻፋል። ከዕፅዋት የሚገኘው ሰማያዊ ቀለም ኢንዲጎ ደግሞ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ የተሠራ በመሆኑ ለዚህ መሣሪያ ፈጽሞ አይታይም። ሰማያዊ ቦታ ላይ «ምንም አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ ብልሽት ነው ብሎ ከማለፍ ኢንዲጎን መጠርጠር ይሻላል።

ሌላው የሚረሳው ጨረሩ ብራናን አልፎ መሄዱ ነው። ከጀርባው ገጽ ያለው ቀይ ጽሑፍም፣ ከሥሩ ያለው ቅጠልም ገብቶ ይለካል። ነጥቡን ከመምረጥ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባው ባዶ መሆኑን ማየት፣ ከቅጠሉ ሥር ወፍራም ጥርት ያለ ፕሌክሲግላስ ማስገባት፣ አጠገቡ ያለውን ያልተቀባ ብራናም በዚያው ጊዜና ኃይል መለካት ግዴታ ነው። ባዶው ብራና ያልተለካበት ውጤት ላይ መፈረም አይገባም።

የሌዘር ኃይልን በግምት መስጠት

ቀይ እርሳስ በጠንካራ የራማን ሌዘር ሲመታ ወደ ቢጫ የእርሳስ ኦክሳይድ ይለወጣል። ሁለት ጉዳት ነው፤ ሥዕሉ ላይ ነጥብ ይቀራል፣ የተለካውም መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ውህድ ይሆናል። ከ1 ሚሊ ዋት በታች ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትና በኋላ ነጥቡን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ምልክቱ ደካማ ከሆነ ኃይሉን ከመጨመር ይልቅ ጊዜውን ማርዘም።

ጥቁሩን ሁሉ ጥላሸት ማለት

በእኛ ዘንድ ጥቁር ቀለም በብዛት ከጥላሸት ስለሚሠራ ብዙዎች ሳይለኩ ያልፉታል። ከብረት ጨውና ከዕፅዋት ከሚገኘው ታኒን የተሠራ ቀለም ግን ብራናውን ሊበላ ይችላል፤ እርጥበትም ያባብሰዋል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ 1000 ናኖ ሜትር አካባቢ በሚያነሳ የኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታይ ጥላሸት እንደጠቆረ ይቀራል፣ የብረቱ ቀለም እየደበዘዘ ይጠፋል። ከፊል ብቻ ከደበዘዘ ሁለቱ ተቀላቅለው ሊሆን ይችላል።

የቁሱን ዕድሜ የሥራው ዕድሜ ማድረግ

ዕድሜን የሚለካው የራዲዮካርቦን ምርመራ በብራና ላይ የሚነግረን እንስሳው የሞተበትን ዘመን ነው። ዓድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና ሲለካ አንዱ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በፊት ብዙ ምሁራን በመቶዎች ዓመታት ወደ እኛ የቀረበ ዘመን ይሰጧቸው ነበርና ውጤቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም የተለካው ብራናው ነው፤ ጽሑፉና ሥዕሉ መቼ እንደተሠራ የሚነገረው ከፊደሉ ቅርጽ፣ ከሥዕሉ ስልትና ከቀለሙ ጋር ተገናዝቦ ነው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ፕሩሺያን ሰማያዊ የተገኘው በርሊን ውስጥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው በሚባል የእንጨት ሥዕል ላይ ሲገኝ «ሥዕሉ አዲስ ነው» ብሎ መደምደም ይቀናል። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ስንጥቆቹን ማየት ነው። ሰማያዊው ወደ ስንጥቁ ውስጥ ከፈሰሰ፣ ከሥሩም ቆሻሻ ወይም ቫርኒሽ ካለ፣ በኋላ ዘመን የተደረበ ነው፤ ስለ ዋናው ሥዕል የሚነግረን የለም።

ናሙናን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ፎቶ ለማንሳት የተሰጠ ፈቃድ ናሙና ለመውሰድ አይሆንም። ከቅርስ ባለሥልጣኑም፣ ቅርሱን ከሚጠብቁት አለቃና ገበዝም፣ ስንት ናሙና፣ ከየት ቦታ፣ ምን ያህል መጠን እንደሚወሰድና ትርፉ የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ናሙናው ቀድሞ ከተላጠበት ጠርዝ ይወሰዳል፤ ከደህናው ቦታ አይነካም። የእንስሳውን ዓይነት ፍየል፣ በግ ወይም ጥጃ ብሎ ለመለየት ከሆነ ደግሞ መቁረጥ አያሻም። ያልተጻፈበትን ጥግ በፕላስቲክ ላጲስ በስሱ አሽቶ ፍርፋሪውን መሰብሰብ ይበቃል፤ ከፍርፋሪው ጋር የሚወጣው ኮላጅን (የቆዳው ፕሮቲን) ይመረመራል።

የማሳያ ሣጥኑን መርሳት

እንጨት፣ ሙጫና ጨርቅ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አሲድና የድኝ ጋዝ ይለቃሉ። ይህን ለመፈተሽ፣ ብረቶቹ ይበላሹ እንደሆነ በሚታይበት የኦዲ ሙከራ፣ 2 ግራም የሚሆን ቁስ ከጥቂት ውሃ ጋር፣ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጮች ጎን በታሸገ ብርጭቆ 60 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ይቀመጣል። ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙከራውን የሚጠይቅ አለቃ አይጠፋም፤ በሙቀት አያፋጥኑት። አምና ያለፈ ጨርቅም ዘንድሮ አዲስ ጥቅል ሲገዛ እንደገና ይሞከራል፤ ፋብሪካው ማቅለሚያውን ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

በዘገባ ላይ የታየውንና የተገመተውን መቀላቀል

ሲናባር የሜርኩሪና የድኝ ውህድ የሆነ ቀይ ቀለም ነው። «ሲናባር ተገኝቷል» እና «ሜርኩሪ ተለክቷል፤ ከቀዩ መልክ ጋር ሲታይ ሲናባር ሳይሆን አይቀርም» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ይረዝማል፣ ግን በሌላ ሰው ሊፈተሽ ይችላል። ከዘገባው ጋር ጥሬ ስፔክትረሙ፣ ቮልቴጁ፣ ከረንቱ፣ ማጣሪያው፣ የልኬቱ ጊዜና የነጥቦቹ ፎቶ አብረው ይቀመጡ፤ የፋይሉም ስም የመጽሐፉን ቁጥር፣ ቅጠሉን፣ ገጹንና ነጥቡን ይያዝ።