ታምብለር ገብቶ ያላማረ ብር፦ ችግሩ ከየት መጣ፣ እንዴት ይስተካከላል?

ይህ ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መስቀል፣ ቀለበትና ጉትቻ እየሠራችሁ ትንሽ ታምብለር ለገዛችሁ ነው። ልትገዙ ላሰባችሁም ይጠቅማል። ታምብለር የተሠራ ጌጥ የሚያለሰልስና የሚያበራ ማሽን ነው፤ ቀላል ነገር ነው። በሞተር ቀስ እያለ የሚሽከረከር የጎማ በርሜል አለው፤ ውስጡ የእስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ፍሬ፣ ማለትም ጥቃቅን ክብና መርፌ መሰል ብረቶች፣ ውሃና ሳሙና ይገባል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅ። የእስቴንለስ ፍሬ ብርን አይበላም፣ አይሞርድም። እየተንከባለለ ገጹን ይዳምጠዋል። የተዳመጠው ገጽ ይለሰልሳል፣ ያበራል፣ ጥቂትም ይጠነክራል። ስለዚህ ሥራችሁ ተበላሽቶ ሲወጣ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ምን እንዳስገባችሁበት እዩ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ትክክለኛው አሞላል ይህን ይመስላል። ፍሬውና ዕቃው አንድ ላይ የበርሜሉን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። ፍሬው ከዕቃው ሁለት እጥፍ ይሁን። ውሃው ሁሉንም ሸፍኖ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይበል። ላርጎ ወይም ሌላ የምግብ ዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ለብር ከ1 እስከ 2 ሰዓት በቂ ነው።

ውሃው ጠቁሯል፣ ዕቃው ላይ ግራጫ እድፍ ቀርቷል

አዲስ ፍሬ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ይመጣል። አዲስ የጎማ በርሜልም መጀመሪያ አካባቢ ጥቁር ይለቃል። ዕቃውን አስቀድማችሁ በሞተር ብሩሽ ፖሊሽ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው የፖሊሽ ቅባት ውሃውን ያበላሸዋል። አሉሚኒየም ከብር ጋር ቀላቅላችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ጥቁሩ የመጣው ከእሱ ነው።

መፍትሄው ፍሬውን ብቻውን ማጠብ ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ግማሽ ሰዓት አሽከርክሩት፣ ድፉት፣ ድገሙት። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አታቋርጡ። እምቢ ካለ ብር ሠሪዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ጋዙ የወጣለት ኮካ። አሲድነቱ ቆሻሻውን ያስለቅቃል። ጋዙ ግን ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የተዘጋው በርሜል ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ከኮካው በኋላ ደጋግማችሁ በሳሙና አለቅልቁ።

ክዳኑን ስትከፍቱ አረፋ ካላያችሁ ሳሙናው አንሷል ማለት ነው። ቆሻሻውን ከዕቃው አርቆ የሚይዘው ሳሙናው ነው፤ ሲያንስ እድፉ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለጠፋል።

ቡናማ ነጥብ፣ ዝገት የሚመስል

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሚመጣ ጉዳት ነው። ፍሬው ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። በሌላ በኩል ጋራዥ ከተሄደ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ ብዮች ሞልተዋል። ያብረቀርቃሉ፣ ክብ ናቸው፣ ይጠነክራሉ። ግን እስቴንለስ አይደሉም። የተለመደው የኩሽኔታ ብረት ውስጥ ያለው ክሮሚየም 1.5 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ብረት እስቴንለስ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ያስፈልገዋል። የኩሽኔታ ብይ ዘይት ውስጥ እንዲኖር የተሠራ ነው፤ ውሃ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። የዛገ ብይ ደግሞ ሻካራ ነው። ያን ጊዜ ማለስለሱ ይቀርና መቧጨር ይጀምራል።

ብዙ ሰው ፍሬውን በማግኔት ይፈትናል። አያስተማምንም። አንዳንዱ እስቴንለስ ከመጀመሪያውም በማግኔት ይሳባል፤ የማይሳበውም ሲጎተትና ሲቆረጥ ጥቂት መሳብ ይጀምራል። የተሻለው ፈተና የጨው ውሃ ነው። ጥቂት ፍሬ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩ። ጠዋት ጨርቁ ላይ ቡናማ ምልክት ካለ ያ ፍሬ ለታምብለር አይሆንም።

እስቴንለስ መሆኑ የተረጋገጠ ፍሬም ዝገት ካሳየ በረኪና ነክቶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በረኪና እስቴንለስን ይበሳሳዋል፣ ብሩንም ያጠቁረዋል። በርሜሉ አጠገብ እንኳ አታስቀምጡት።

ያበራል፣ ግን ጭረቱ አልጠፋም

አንድ መስቀል መስኮት አጠገብ ይዛችሁ አዙሩት። ክንዱ ላይ ቀጭን ትይዩ መስመሮች ብልጭ ብልጭ ካሉ የሞረድ ዱካ ነው። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ደግሞ በጥፍር ነካ አድርጉት፤ ጥፍር ከያዘ መጋዙ የተወው ነው። ታምብለሩ እነዚህን አያጠፋም። ጭረቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ እሱንም ያበራዋል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ጎልቶ ይታያል።

ሰዓት መጨመር ዋጋ የለውም። ዕቃውን አውጥታችሁ ወደ ብርጭቆ ወረቀት መልሱት። በቁጥር 400 ጀምሩ፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 800። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር አቅጣጫ ቀይሩ፤ በአግድም ከሄዳችሁ ቀጥሎ በቁመት። የፊተኛው መስመር ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ። ይህ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መዝለል አይቻልም።

ብሩ ቀልቶ ወጣ

ጠገራ ብር ስታቀልጡ ይህን አስታውሱ፤ ማርያ ቴሬዛ 83.3 በመቶ ብር ናት፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ከተበየደ በኋላ አሲድ ውስጥ ሲገባ መዳቡ ወደ አሲዱ ይሟሟል። ያ አሲድ በደንብ ሳይታጠብ ከብረት ፍሬ ጋር ከተገናኘ መዳቡ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለብሳል። በብረት ወረንጦ ከአሲድ ስታወጡም የሚሆነው ይኸው ነው።

ከአሲድ የወጣ ዕቃ በውሃ ይታጠብ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይነከር፣ እንደገና ይታጠብ። ከዚያ በኋላ ነው ታምብለር የሚገባው። የቀላውን ለማስመለስ አዲስ አሲድ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። አየር ያለበት ቦታ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ያለ ብረት ዕቃ። ሎሚና ሶዳ አንድ ላይ በርሜል ውስጥ አድርጎ መዝጋት ግን በጭራሽ! ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ክዳኑን ሊያፈነዳው ይችላል።

ቀይ ሳይሆን ሐምራዊ ጥላ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሲሞቅ ከገጹ በታች የተቃጠለ መዳብ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ካልተገፈፈ አይለቅም።

ፈርጡ ተለወጠ

ይህን ከስህተት በፊት ማንበብ ይሻላል። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲገባው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሊሆን ይችላል፤ ቆሻሻና ሳሙናም አብሮ ይመጥጣል። ውሃ ብቻ ከሆነ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የሳሙናው እድፍና የብረቱ ምት ግን አይመለሱም። ኦፓል፣ ዕንቁ፣ ዛጎልና የአምበር ዶቃ ታምብለር አይገቡም። መጀመሪያ ብሩን አሳምሩ፣ ፈርጡን በመጨረሻ እሰሩ።

በወርቅ የተነከረ ዕቃም አይግባ። ያልተቆረጠ ጠገራ ብርም እንዲሁ። አያቶቻችን ሐሰተኛውን የሚለዩት ሳንቲሙ ላይ ያለችው ንግሥት ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ፈርጦች ቆጥረው ነበር። ፍሬው መጀመሪያ የሚደመስሰው እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ነው። የድሮ አልቦና ተልሱም (የአንገት ክታብ) ላይ ያለው ጥቁረትም ለእኔ እድፍ ሳይሆን ዕድሜ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

በርሜሉ ካልዞረ ጭነቱን ቀንሱ፤ ከዚያ ቺንጋው ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት እንደሆነ እዩ። ዕቃው ከተጎደጎደ ፍሬው ወይም ውሃው አንሷል፣ ወይ ከባድ ዕቃ ከቀላል ጋር ገብቷል። ሰንሰለት እንዳይተበተብ ጫፍና ጫፉን አጋጥማችሁ ለብቻው አስገቡ። ቀጫጭን መርፌ ፍሬዎች የሽቦ ሥራ ውስጥ ከተሰነቀሩ በክብ ፍሬ ብቻ ሥሩ።

አምሮ ወጥቶ በማግስቱ የሚደበዝዝ ብር ደግሞ ወይ በደንብ አልተለቀለቀም፣ ወይ እርጥብ ሳለ ተጠቅልሏል። በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ በጥጥ ጨርቅ አድርቁት፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አስቀምጡት። በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፣ በሱፍም አትጠቅልሉት። ሁለቱም ድኝ አላቸው፤ ድኝ ብርን ያጠቁራል።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋም ዕቃውን ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አታሳድሩት። ወዲያው አውጥታችሁ እጠቡት፣ አድርቁት። ፍሬውንም አጥልላችሁ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ መብራቱ ሲመጣ በአዲስ ውሃና ሳሙና ትቀጥላላችሁ።