አባላቱ የሚሸሹት የሙያ ማህበር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን፣ ከሳሪስ ወዲያ እስከ ቱሉ ዲምቱና ገላን ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች የተሰባሰቡበትን ማህበር ለዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። አባላት መቀነስ ሲጀምሩ የቦርዱ መልስ አንድ ነበር፦ «ተፎካካሪ በዛ።» በዝቷል፣ አልክድም። ሰዎች የወጡበትን ምክንያት አንድ በአንድ ስንፈትሽ ግን ብዙው ጉድለት የተገኘው ከራሳችን ቤት ነው። ያየነውን ምልክት፣ የደረስንበትን መንስኤና የሞከርነውን መፍትሄ እዚህ አስቀምጫለሁ፤ የነርሶችም ሆነ የመሐንዲሶች ማህበር ከራሱ ጋር ሊያስተያየው ይችላል።

ምልክት፦ መዋጮ የሚከፍለው አባል በየዓመቱ እየሳሳ ነው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመዋጮው መጠን ነው። እኛም አንድ ዓመት ቀነስነው፤ በዚህ ምክንያት የተመለሰ ሰው አላየንም። ከዚያ በኋላ ነው መዝገቡን ይዤ መደወል የጀመርኩት። ሁለት ዓመት ያልከፈሉ 40 አባላትን ስም ለየሁና በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለአራት ለአምስት ሰው እደውል ነበር።

ገላን ዱቄት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ያለችኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ከማህበሩ የሚደርሰኝ የመዋጮ ማሳሰቢያ ብቻ ነው። አሁንም እርስዎ ሲደውሉ ገንዘብ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ላላነሳው ነበር» አለችኝ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1341/2016፣ ሲወጣ ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት። «አዋጁንማ ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። የቸገረኝ የእኛን ፋብሪካ ጉዳይ ይዞ አብሮኝ የሚያነብ ሰው ነው። አለቃዬ መልሱን ለነገ ይፈልጋል፤ ብሳሳት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ማህበራችን በዚያ አዋጅ ላይ ውይይት ያዘጋጀው ከወራት በኋላ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ደብተሬ ላይ «አብሮ የሚያነብ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ያወጣነው ዕቅድ ሁሉ የተቀዳው ከዚህች ሐረግ ነው።

ደውዬ ስጨርስ የቀሩት ሰዎች ሦስት ዓይነት ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹ ሙያውን ትተው ንግድ ገብተዋል፤ እነሱን በክብር መሸኘት ይበቃል። አንዳንዶቹ ስልክ ቀይረዋል፣ ወይም መዋጮ ለመክፈል ቢሮ ድረስ መምጣቱ ታክቷቸዋል። የእነዚህ መድኃኒት ቀላል ነው፤ መዝገቡን አድሶ በቴሌብር መቀበል ነው። ሦስተኞቹ «ምን አገኘሁ?» ያሉት ናቸው፤ ዕቅድ የሚወጣው ለእነሱ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ ስብሰባ መቀመጥ ሕመምተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

እዚህ ላይ ከእድር የምንማረው አለ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ዕቃውን አስተካክሎ ሳይጨርስ የሰፈሩን እድር ይጠይቃል። መዋጮውን የማያስታጉለው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ለቅሶ የደረሰበት ቀን ድንኳኑና ወንበሩ እንደሚመጣለት ስለሚያውቅ ነው። የሙያ ማህበርም የአባሉን የጭንቅ ቀን ማወቅ አለበት። የእኛ ሙያ የጭንቅ ቀን የታወቀ ነው፦ ኦዲተር የሚገባበት ሳምንት፣ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብር አሳውቀው የሚያጠናቅቁበት እስከ ጥቅምት 30 ያለው ጊዜ፣ አዲስ አዋጅ የወጣ ሰሞን። በእነዚህ ቀናት ስልክ የሚያነሱ አራት ነባር ባለሙያዎችን በተራ መደብን። ወጪው የስልክ ካርድ ብቻ ነበር። ከዚህ በፊት ከሠራነው ሁሉ ይልቅ አባል የመለሰልን ይህ ነው።

ምልክት፦ ጠቅላላ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ አይሞላለትም

«ባለሙያው ግዴለሽ ሆነ» ይባላል። እስቲ መንገዱን አስቡት። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ስታዲየም አካባቢ ካለ ሆቴል ነው። ፋብሪካው ቅዳሜ እስከ ቀትር ይሠራል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ሰው ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ስታዲየም እያለ ታክሲ ይቀያይራል፤ ሲመሽ ደግሞ መመለሻው ሰልፍ አለ። ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ንግግር ይህን የሚከፍል ጥቂት ነው። መሐል ከተማ ያለው ተፎካካሪ እዚህ ላይ አይበልጠንም፤ እኛ ነን አባሎቻችንን ጥለን ወደ እሱ ሜዳ የሄድነው።

መፍትሄው ስብሰባውን ወደ ሰው መውሰድ ነው። ለቃሊቲ አንድ፣ ለቱሉ ዲምቱና ገላን አንድ ምድብ አቋቋምን። አንድ አባል የሚሠራበት ድርጅት የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሹን ፈቀደልን። ቀኑንም ከደመወዝ ሥራና ከግብር ማሳወቂያ ጋር እንዳይጋጭ አየን፤ ራሳችን ሒሳብ ሠራተኞች ሆነን በወር መጨረሻ ስብሰባ እንጠራ ነበር!

ምልክት፦ የምንሰጠውን ስልጠና ሌላው በርካሽ ወይም በነፃ ይሰጠዋል

ለረጅም ጊዜ የገቢያችን ዋና ምንጭ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌርና የኤክሴል ስልጠና ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ የግል ማሰልጠኛ አለ፤ ቪዲዮውም ስልክ ላይ ይገኛል። መንስኤው ግልጽ ነው፦ የምንሸጠው መረጃ ነበር፣ መረጃ ደግሞ ረክሷል።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ዋጋ መቀነስና ማስታወቂያ ማብዛት ነበር። ስህተት ነው። የማሰልጠኛ ማዕከሉ ኮምፒውተር፣ ክፍልና ቋሚ አሠልጣኝ አለው፤ በዚያ መንገድ አንቀድመውም። በቦርዱ ውስጥ ከተነሱት ክርክሮች ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፤ ስልጠናውን የጀመሩት ሰዎች አብረውን ተቀምጠዋል፣ ድካማቸውም የሚከበር ነው። ቢሆንም ተውነው። ስትራቴጂክ ዕቅድ ውስጥ «ይህን እናቆማለን» የሚል አንድም መስመር ከሌለ፣ አቅሙ በቀድሞው ሥራ ስለሚበላ አዲሱ ሥራ ጊዜም ገንዘብም አያገኝም።

በምትኩ የጉዳይ ምሽት ጀመርን። አባሉ የድርጅቱን ስም ሳይጠቅስ የገጠመውን ጉዳይ ያቀርባል። ለምሳሌ ያረጀ ማሽን ዋጋ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዴት ይመዘገባል? የግብር ሕጉስ የእርጅና ቅናሹን እንዴት ያየዋል? አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደረጃውን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ሁለቱን ማስታረቅ ለብዙዎቻችን የዕለት ፈተና ነው። ከአስራ አምስት ሰው በላይ አንቀበልም፤ ሲበዛ ሰው ይሸማቀቃል።

ከጉዳይ ምሽቱ አባል ካልሆኑ ሰዎች ክፍያ እንቀበላለን። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ገቢ ማስገኛ ሥራን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ለብቻው መያዝ አለበት፣ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። የሒሳብ ባለሙያዎች ማህበር በዚህ ላይ ቢሳሳት ነውር ነውና ከመጀመሪያው ቀን የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ።

ምልክት፦ ወጣቱ ወደ ውጭ አገር የሙያ ተቋም ያዘነብላል

የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማህበር የሆነውን ኤሲሲኤን የመሰለ ተቋም በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እሱን የሚተካ ወረቀት እናትማለን ማለት ራስን ማታለል ነው። ይልቅ ወጣቱ መንገድ ላይ የት እንደሚደክም እንይ። እስከ 13 ፈተና አለ፣ 36 ወር የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ ጀርባ የሚያጎብጥ ሆኗል። አንድ ፈተና መውደቅ የወራት ቁጠባ ያስበላል። ስለዚህ የጥናት ቡድን አቋቋምን፤ ያለፈው ለሚቀጥለው መጽሐፉን ያውሳል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሌለው ያስጠናል። ተፎካካሪ ያልነው ተቋም ወጣቱን ወደ እኛ የሚያመጣ በር ሆነ።

ምልክት፦ ከመካከላችን ወጥተው ሌላ ማህበር አቋቋሙ

ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ በ1113/2011 መሠረት አምስት ሰው ማህበር መመሥረት ይችላል። ስለ ሕጋዊነት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ቦርዱ ሳይቀየር መኖሩ ነው። የሥራ ዘመኑን ገደብ አክብሩ፣ ለወጡትም በጋራ ጉዳይ ላይ በራችሁን ክፍት አድርጉ።

ምልክት፦ ዕቅዱ አለ፣ የሚያውቀው ሰው የለም

የቀድሞው የአምስት ዓመት ዕቅዳችን ጥሩ ሽፋን ነበረው። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ ጥንካሬና ድክመት፣ መልካም አጋጣሚና ስጋት ሁሉም ተሟልተዋል። አማካሪው ለሌላ ማህበር ከሠራው ላይ እንደገለበጠው ያወቅነው፣ ገጽ መሐል የዚያ ማህበር ሙያ ሳይቀየር ቀርቶ ስናገኘው ነው። አማካሪውን ብቻ አልወቅስም፤ እኛም ሳናነብ ፈርመን ተቀብለናል።

አሁን ዕቅዳችን አንድ ገጽ ነው። የማን ችግር እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚይዘውና ከየትኛው ገንዘብ እንደሚወጣ ይናገራል። በጀት ያልተመደበለት ሐሳብ እዚያ ገጽ ላይ አይገባም። ቦርዱ በየሦስት ወሩ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚነበበው በሩብ ዓመቱ የወጡት አባላት ስም ዝርዝር ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደደወለላቸውና ምን እንዳሉ ተጽፏል። የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።