የኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ፍሬን ሸራ እንዴት ይቀየራል? (ዲስክ ላላችሁም ጥቂት አለኝ)

የኔ ኮርሳ የሚቆመው ቸርኬውን (ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ) ከግራና ቀኝ ነክሶ በሚይዝ በድሮው ፍሬን ነው። ጓደኞቼ «ዲስክ ያልሆነ ፍሬን ደግሞ ፍሬን ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። በዝናብ ጊዜስ እውነታቸውን ነው። ቸርኬ ሲረጥብ ሸራው መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ዲስክ ፍሬን ግን የሚነክሰው ክብ ብረት ከጭቃው ራቅ ብሎ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ ስለተቀመጠ ወዲያው ይይዛል። ቢሆንም ዲስክ በኮርሳ ውድድር ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ ብስክሌተኞቹ በርናል በ2019፣ ፖጋቻር በ2020 ትልቁን ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፉት በቸርኬ ፍሬን ነው። «በኔ ላይ ዲስክ ይገጠምልኝ?» ለምትሉ፣ ፍሬሙና ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የዲስክ መግጠሚያ ከሌላቸው አይሆንም። ሞዞውም የዲስክ መሆን አለበት። ያላችሁን በደንብ ግጠሙ።

መጀመሪያ ቸርኬውን እዩ። ብዙዎቹ ሸራው የሚይዝበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አላቸው። ምልክቱ ከጠፋ ቸርኬው አልቋል፤ አዲስ ሸራ አያድነውም። ደህና ከሆነ በአልኮል ጥረጉት። በነጭ ጋዝ የሚጠርጉ አይቻለሁ፤ ቅባት ይተዋል፣ ተዉት። ቸርኬው ካርቦን ከሆነ ደግሞ ለካርቦን የተሠራ ሸራ ብቻ ግዙ።

ፍሬኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማላቀቂያ ክፈቱና አሮጌውን ሸራ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) ፍቱ። አዲሱ በብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ የማቀፊያው የተዘጋ ጫፍ ወደ ፊት ይሁን፣ የፊቱም የኋላውም። ተገልብጦ ከተገጠመ ፍሬን ስትይዙ ቸርኬው ሸራውን ወደ ፊት ጎትቶ ያወጣዋል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ሸራውን ቦታው ላይ ማስያዝ። ከሸራው ጀርባ ጎድጎድ ያሉ ሮንደላዎች አሉ። በነሱ ምክንያት ሸራው ወደ ፈለገበት ይዞራል። አስተካክላችሁ ስታጠብቁ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞርና ጫፉ ሽቅብ ይወጣል። እኔ ሦስት እጅ ቢኖረኝ ብዬ ስንቴ እንደተመኘሁ! መላው ቀላል ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪያ (ጎማ ውስጥ ያለው አየር የሚነፋበት ላስቲክ) ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና የፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። ሸራው ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይቆማል፣ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ነው። በአንዱ ሸራውን ጨብጣችሁ በሌላው አጥብቁ።

ከፍታው ላይ አትቀልዱ። የሸራው የላይ ጠርዝ ከቸርኬው የላይ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። በጣም ከወረደ ግማሹ ሸራ ከቸርኬው ውጭ ተንጠልጥሎ ሳይበላ ይቀራል። ከወጣ ደግሞ ጎማውን ይበላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቸኩዬ፣ የፊቱን የግራ ሸራ በዓይን ግምት አጥብቄ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ስወጣ ማን ፍሬን ይይዛል? ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው ሸራው በያዝኩ ቁጥር ጎማውን ሲፍቀው የነበረው። መታጠፊያው ላይ ጎማው እንደ ጥይት ጮኸ። ከሚኒባስ ኋላ አስፋልቱ ላይ ተነጠፍኩ። ጎማውን ሳየው ጎኑ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ላስቲኩ አልቆ ክሩ ተንጨፍርሯል። ብስክሌቴን ተሸክሜ፣ ክርኔ እየደማ በእግሬ ወረድኩ።

ፍሬን ሲያዝ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ስታጠብቁ በሸራው የኋላ ጫፍና በቸርኬው መካከል የሞባይል ካርድ የሚያህል ውፍረት ያለው ወረቀት አስገቡ። የፊቱ ጫፍ ቀድሞ ይነካል፣ ጩኸቱም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ከዚያ ማላቀቂያውን ዝጉ (እኔ ከፍቼው የሄድኩበት ቀን አለ፣ አልተርከውም)። ገመዱን በፒንሳ ስባችሁ እሰሩ፤ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። እጀታውን አሥር ጊዜ አጥብቃችሁ ሳቡ፤ መሪውን ከነካ ገመዱ ላልቷል።

ዲስክ ያላችሁ፦ አሮጌው ሸራ ሳይወጣ ፒስተኖቹን (ሸራውን የሚገፉትን) በንጹሕ የጎማ መንቀያ ፕላስቲክ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ግፉ፣ ከዚያ ቀይሩ። ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታውን እንዳትነኩ። ዲስኩን በጣት አትንኩ፣ ካቴና (ሰንሰለት) ስትቀቡም በጨርቅ ሸፍኑት፤ ቅባት የጠጣ ሸራ መጣያ ነው ቦታው። አዲሱ ሸራ እስኪለማመድ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዳችሁ፣ ጎማው ሳይቆልፍ እስከ እግር ጉዞ ፍጥነት አብርዱ፤ 20 ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ዘይት ከጎደለ ደግሞ ጋራዥ ያለውን የመኪና ፍሬን ዘይት ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። የሺማኖ ኩባንያ ፍሬን የሚጠቀመው ሚኒራል ዘይት ነው፤ የመኪናው ዘይት ውስጡ ያለውን ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ያበላሸዋል።

ሁላችሁም መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞክሩ። የቸርኬ ፍሬን ያላችሁ የመጀመሪያዋን አጭር ቁልቁለት እንደጨረሳችሁ ውረዱና የጎማውን ጎን ዙሪያውን በጣት ዳብሱ። ጥቁር የሸራ ብናኝ ወይም የተፋቀ መስመር ካገኛችሁ እዚያው ብሩጎላውን አውጡ።