ለመዋጥ መቸገር፦ መጀመሪያ እምቢ ያለው እንጀራው ነው ወይስ ውሃው?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መዋጥ ያስቸገረው አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ «እንጥሌ ወርዶ ነው» ወይም «ቶንሲል ነው» እያለ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ካሳለፈ በኋላ ነው ወደ ሐኪም የሚመጣው። እንጥል ማስቆረጥ ለመድማትና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር የሚፈይደው የለም፤ ምግቡ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች፣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የምግብ ቧንቧ ውስጥ ነውና። ከምርመራው ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ መጀመሪያ ያስቸገረው ጠጣሩ ነው ወይስ ፈሳሹ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ጥብስና ዳቦ፣ ቆይቶ ፍትፍት፣ በመጨረሻም አጥሚት አልወርድ ካለ ቧንቧው እየጠበበ ነው። ለዓመታት ያልታከመ ቃር ወይም ድንገት የተጠጣ በረኪና የተወው ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን በወሬ መለየት አይቻልም። «የከሳሁት በጾሙ ነው» የሚሉ እናት መቀነታቸው ከወትሮው አንድ ዙር ጨምሮ ከተገኘ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ስሕተት ነው። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧውን ውስጥ ማየት) ተደርጎ ናሙና መወሰድ አለበት። ጠባሳ ከሆነ ቧንቧው በመሣሪያ ይሰፋል፣ ቃሩም የጨጓራ አሲድ በሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይታከማል፤ ካንሰር ከሆነ ግን ሕክምናው በስርጭቱ መጠን ይወሰናል፤ ቀዶ ሕክምና የማይቻል ሲሆን ምግብ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቱቦ ማስገባት ይቻላል። (የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ፈርጆታል። አቦሉ ጥቂት ቢበርድ ቡናነቱን አያጣም።)

ውሃውም እንጀራውም ከመጀመሪያው አንድ ላይ ካስቸገሩ፣ ሌሊትም ያልተፈጨ ምግብ ትራስ ላይ ከተገኘ፣ የቧንቧው የታችኛው በር አልላላ ብሎ ይሆናል፤ ይህ አካላዚያ ይባላል። ኢንዶስኮፒው ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ባሪየም የተባለ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሳ ራጅ ያስፈልጋል፤ በራጁ ላይ የቧንቧው ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ሾሎ ይታያል። መፍትሔው በፊኛ መለጠጥ ወይም ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና መሰንጠቅ ነው።

ሲውጡ ትን ማለትና ፈሳሹ በአፍንጫ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ የቧንቧ ሳይሆን የነርቭ ችግር ምልክት ነው፤ ስትሮክ የመታው ሰው የመዋጥ ችሎታው ሳይፈተሽ ውሃ እንኳ ሊሰጠው አይገባም፣ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላልና። መዋጥ ሕመም ካለው የፈንገስ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ከ14 እስከ 21 ቀን ይሰጣል፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረጋል። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያለ ውሃ ውጦ መተኛትም ቧንቧውን ሊያቆስል ይችላል።

በማፍጠሪያ ሰዓት ሥጋ ተሰንቅሮ ምራቅ እንኳ አልወርድ ያለው ሰው በዳቦ ወይም በውሃ ልግፋው አይበል፤ ሳይነጋ፣ በዚያው ሌሊት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።