ልክ የመለሰ ተማሪ «ስህተት» ሲባል፦ የመልመጃ ሶፍትዌር ምርጫ ችግሮችና መፍትሔዎች

መምህራን ባልደረቦቼ «ለኢንተርኔት መልመጃ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ይሉኛል። መድኃኒት ቤት ገብቶ «የትኛው ክኒን ጥሩ ነው?» እንደማለት ነው። በመጀመሪያ የሚያመው ይነገር። ስለዚህ ነገሩን በሕመሙ ምልክት ተራ ጽፌዋለሁ፤ አማርኛ የሚያስተምረውን ሰው የሚገጥመውን አስቀድሜ፤ መሣሪያዎቹ የተሠሩት ፊደላችን ታስቦ አይደለምና።

«ፀሐይ ብዬ ጽፌ ዜሮ አገኘሁ»

እኔን ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ይህ ነው። አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ መጥቶ «መምህር፣ የጻፍኩት ስህተቱ የት ላይ ነው?» አለኝ። ስህተት አልነበረውም። እኔ በመልስነት ያስገባሁት «ፀሐይ» ነበር፤ እሱ የጻፈው «ጸሀይ»።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ይህችን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ቁጠሯት፤ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት «ፀሐይ» አለን። የጎግል መጠይቅና ፈተና ማዘጋጃ የሆነው ጎግል ፎርምስ በአጭር መልስ ጥያቄ ላይ ካስገቡለት መልስ ጋር ያልገጠመውን ሁሉ ስህተት ይላል። ተማሪው መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ቢጨምርም ያው ነው።

መፍትሔው በሚያስተምሩት ነገር ይወሰናል። የፊደል አጻጻፍ ከሆነ ይተዉት፤ ትእዛዙ ላይ ግን «በመማሪያ መጽሐፉ አጻጻፍ» ብለው ያስታውቁ። ጥያቄው የሳይንስ ወይም የታሪክ ከሆነ ግን ተለዋጭ መልሶችን የሚቀበል መሣሪያ ይምረጡ። ጎግል ፎርምስም ብዙ ትክክለኛ መልሶችን ያስመዘግባል። ኤች ፋይቭ ፒ (H5P) በተባለው የመልመጃ መሥሪያ ደግሞ፣ በባዶ ቦታ መልመጃው ላይ፣ ቃሉን በሁለት ኮከቦች (*) መካከል አስገብቶ ተለዋጮቹን በእዝባር (/) መለየት ነው። አሥራ ሁለቱን መደርደር ከሰለቸዎት (እኔን ሰልችቶኛል) ቃላቱን ከተሰጠ ዝርዝር እየጎተቱ ወደሚያስገቡበት ወይም ወደሚያዛምዱበት መልመጃ ይቀይሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ኤች ፋይቭ ፒ ጥቃቅን የፊደል ግድፈቶችን እንዲያልፍ የሚያዝ ምርጫ አለው፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ምልክት ባለው ቃል ላይ አንድ ስህተት ይምራል። ለእንግሊዝኛ መልካም ነው። በእኛ ፊደል ግን አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም፣ መልሱ «መጣች» ሆኖ ተማሪው «መጣህ» ቢል በአንድ ምልክት ብቻ ይለያያሉ፤ ሳጥኑም «ትክክል» ይላል። «ሰበረ» በሚባልበት «ሰበረች» ቢመጣም ያልፋል። የግስ እርባታ በሚያስተምሩበት ቀን ይህን ምርጫ ያጥፉት።

ከድሮው ወረቀት የገለበጥኩት ጥያቄ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ

ጽሑፉ የተተየበው በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት በጋራ በሚጠቀሙበት የኮድ ሥርዓት፣ አይደለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚጽፈው በራሳቸው ስውር አሠራር በሚሄዱ የፊደል ፕሮግራሞች ነበር። እነሱ የላቲን ምልክቶችን የአማርኛ መልክ ያለብሷቸዋል፤ ልብሱ ሲወልቅ የሚታየው ላቲኑ ነው። ሶፍትዌሩን አይውቀሱ፣ ሌላም አይፈልጉ። አንዱን ዐረፍተ ነገር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ፤ ስልክዎ ላይ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። ካልሆነ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ያሳልፉት። ጥያቄዎቹ ሃያ ገደማ ብቻ ከሆኑ እንደገና መተየቡ ይፈጥናል።

በቃል ፍለጋው ውስጥ የተደበቁት ቃላት ከሩቅ ይታያሉ

የኤች ፋይቭ ፒ ቃል ፍለጋ ባዶ ሳጥኖቹን የሚሞላው በላቲን ፊደላት ነው፤ አማርኛዎቹ ቃላት በመካከላቸው እንደ ማሽላ ማሳ ውስጥ እንደቆመ ግመል ጉልህ ይሆናሉ። ከቅንብሩ ውስጥ የመሙያ ፊደላቱን ዝርዝር አጥፍተው በአማርኛ ፊደላት ይተኩት። በተለይ በቃላቱ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ቢያስገቡ ፍለጋው ይከብዳል።

«ኢሜይል አምጡ ይለናል»

ጎግል ፎርምስ ላይ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ ካዘዙ ወይም ፋይል እንዲያስገባ ከጠየቁ፣ ተማሪው በጎግል አካውንት መግባት ግድ ይሆንበታል። ብዙ ተማሪ የሚጠቀመው በወላጁ ስልክ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ስልኩን የሸጠው ልጅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ምርጫዎች ያጥፉና ስምና የክፍል ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን ያስቀድሙ። ሁለት ጊዜ የሚመልስ አይጠፋም፤ የመጀመሪያውን ይያዙ።

ስልክ ያለው ግማሹ ክፍል ብቻ ነው

እንደ ካሁት ያሉ የፉክክር ጨዋታዎች ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ፕሮጀክተር፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። በነፃው አገልግሎት ላይም የተጫዋች ቁጥር ገደብ ስላለ፣ ስድሳ ተማሪ ይዘው ከመጀመርዎ በፊት ያጣሩ። ስልክ ለሌለው ክፍል ፕሊከርስ የተሻለ ነው፦ ተማሪዎቹ የታተመ ካርድ ይይዛሉ፣ ካርዱን ያዞሩበት አቅጣጫ ምርጫቸው ይሆናል፣ መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ይቃኛል።

ኢንተርኔት ጭራሹን ከሌለስ? ሆት ፖቴቶስ። በካናዳው የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የቆየ ፕሮግራም ነው፤ መልኩ አርጅቷል፤ ከ2009 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ግን በነፃ ይሰጣል፤ የሚያወጣውም መልመጃ በማንኛውም ብሮውዘር ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ፋይል ነው። ፋይሉን ልከው «ሥዕሉ አይታይም» ከተባሉ ሥዕሉ ለብቻው ያለ ሌላ ፋይል ስለሆነ ነው። ሥዕል የሚበዛበትን መልመጃ ሉሚ በተባለው ፕሮግራም ሠርተው ሁሉን በአንድ ያቀፈ ፋይል አድርገው ያውጡ፤ ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆን በፍላሽ ያድሉት።

ቴሌግራም ላይ ማን እንደመለሰ አላውቅም

የቴሌግራም የፈተና ጥያቄ (ኩዊዝ) ሲፈጠር የመላሾቹ ስም የማይታይበት፣ ስም-አልባ ሆኖ ነው። በቡድን ውስጥ ከመላክዎ በፊት ያንን ምርጫ ያንሡት። ጥያቄው ከጥቂት መቶ፣ እያንዳንዱ ምርጫ ከ100 ያልበለጠ ምልክት ብቻ ይይዛል፤ አንቀጽ አንብቦ መረዳትን አይሞክሩበት። የመለሰ ሰው ትክክለኛውን መልስ ወዲያው ያያል፤ ለጓደኛው ለመንገር ደግሞ ሰከንድ አይፈጅበትም። ስለዚህ ለልምምድ እንጂ ለማርክ አይሆንም።

የአምናው መልመጃዬ ጠፋ

ፍላሽ በተባለው የአዶቢ ኩባንያ ሶፍትዌር የተሠሩ መልመጃዎች አዶቢ ድጋፉን በ2020 መጨረሻ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሲያቆም አብረው ሞተዋል። ጃምቦርድ የተባለው የጎግል ዲጂታል ሰሌዳም በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን መጀመሪያ በኤክሴል ይጻፉ፦ አንድ ዓምድ ለጥያቄው፣ አንድ ለመልሱ፣ አንድ ለተለዋጭ አጻጻፎቹ፣ ሌላው ለአሳሳች ምርጫዎቹ። ከዚያ ወደ ፈለጉት መሣሪያ ይገለበጣል። አዲስ መሣሪያ ሲሞክሩ ደግሞ አካውንት በከፈቱበት ቀን፣ ሃምሳ ጥያቄ ከማስገባትዎ በፊት፣ ያስገቡትን መልሶ የማውጫ ቁልፉን ይፈልጉ።