ጊሚክ ያለው ካርታ ሰው ፊት ሲከሽፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ሰው ፊት የካርታ ምትሃት ለሚሰሩ ነው። ተመልካች ከሆናችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ደስ ይለኛል። ምስጢሩ ከታወቀ ጨዋታው ጣዕሙን ያጣል።

ጊሚክ (ተመልካች የማያውቀው ምስጢራዊ አሠራር) የገባበት ካርታ ቤት ውስጥ እሺ ብሎ ጣና ዳር እምቢ ሲል ቶሎ "ዕቃው አይረባም" አትበሉ። እኔ እንደዚያ ብዬ አንድ ደህና ካርታ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ሰጥቻለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። ለካ ችግሩ ከካርታው አልነበረም።

ጥንዶቹ ሳይፈለግ ይላቀቃሉ

ኢንቪዚብል ዴክ ላይ፣ ማለትም ካርታዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ በተጣመሩበት፣ ተመልካች የጠራው ካርታ ብቻ ተገልብጦ በሚወጣበት ካርታ ላይ፣ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። አንድ ካርታ ብቻ ተገልብጦ መታየት ሲገባው ሦስት አራት ጀርባ ብቅ ይላል። በዚያ ቅጽበት ሁሉም ነገር አለቀ።

ጥንዶቹን ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ የሚይዛቸው የተነፋባቸው ሻካራ ቅብ ነው። ቅቡ ዘይትና ላብ አይወድም። ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ የተጠበሰ ቆሮሶ በእጃችሁ በልታችሁ፣ በሶፍት ጠረግ አድርጋችሁ ካርታ ካነሳችሁ፣ ቅቡን የገደላችሁት እናንተው ናችሁ። ሶፍት ዘይቱን አያጠፋውም። በሳሙና ታጠቡ፣ እጃችሁ በደንብ እስኪደርቅም ጠብቁ።

አንድ ጥንድ አውጡና ፈትኑት። ጫን ብላችሁ ስትገፉት ሁለቱ እንደ አንድ ካርታ መሄድ አለባቸው። ጣታችሁን ስታላሉት ደግሞ የላይኛው ብቻውን መንሸራተት አለበት። ጫን ብላችሁትም ከተንሸራተተ ቅቡ አልቋል። የማያብረቀርቅ ግልጽ ቫርኒሽ ስፕሬይ ጀርባቸው ላይ ብቻ፣ በስሱ ንፉና አሳድሩት። አላልታችሁትም አልላቀቅ ካለ ግን ቅቡ በዝቷል። እንዲህ ያለውን አዲስ ካርታ ገና ሱቅ ውስጥ እያላችሁ መልሱት።

አሰራሩን አትጠራጠሩት። መሠረቱ የአሜሪካዊው ምትሃተኛ የጆ በርግ የ1936 (በፈረንጆቹ) ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰው ያስደምማል።

የተሳሳተ ካርታ ይወጣል

ጥንዶቹ ተዘባርቀዋል ማለት ነው። በተለመደው አደራደር የሁለቱ ቁጥር ሲደመር 13 ይሆናል፣ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ይጣመራል። 26ቱንም ጥንድ አንድ በአንድ ቁጠሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሁልጊዜ አድርጉት።

ካርታው ይጎብጣል

ክረምት ነው። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ የተቀባውና ያልተቀባው ጎን ደግሞ እኩል አይስቡም። ስለዚህ ይቀለበሳል። ሱሪ ኪስ ውስጥ ይዛችሁት ከዞራችሁ የሰውነት ሙቀት ያባብሰዋል። ማታ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ቀን በካርቶኑ አድርጋችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፣ አብራችሁ አስቀምጧት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ይብሱኑ ያጣምመዋል።

ጠርዙ ይታያል፣ ንፋሱም ያስቸግራል

ስቬንጋሊ በሚባለው ሌላ ጊሚክ ካርታ ላይ አንድ እየዘለለ ያለው ካርታ በትንሹ አጠር ያለ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጎን ስለምትመታው ያቺ ልዩነት ጥላ ትሰራለች። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና ካርታውን በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ያዙት። ከኋላችሁ ሰው እንዳይቆም ግድግዳ ወይም ዛፍ ተጠጉ። የመስታወት ጠረጴዛ ካጋጠማችሁ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ካርታው አይንሸራተትም፣ ለማንሳትም ይመቻል።

"እስቲ ስጠኝ፣ እኔ ልበውዘው"

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ጊሚክ ስትገመግሙም መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይሄንኑ ነው፦ ሲያልቅ እጄ ላይ ምን ይቀራል? ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ የሚያሳዩት ሰው ሲደነቅ ነው። ሰውዬው ካርታውን ሊነጥቅ እጁን ሲዘረጋ አያሳዩም።

የእኛ አገር ተመልካች ደግሞ ከሩቅ አያይም። ወንበሩን ጎትቶ አጠገባችሁ ይመጣል። ምትሃተኞች የሚያዘወትሩትን ባይስክል የሚባል የካርታ ዓይነት ብዙም ስለማያውቀው የጀርባው ሥዕል ራሱ ያጠራጥረዋል። ስለዚህ ጀርባው አንድ ዓይነት የሆነ ተራ ካርታ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። መጀመሪያ በእሱ ሁለት ጨዋታ ስሩ፣ እነሱ ይበውዙት፣ ያገላብጡት። ከዚያ ሻይ ሲመጣ፣ ሰው ሲስቅ ቀይሩት። ሲያልቅ መልሳችሁ ቀይሩ። ለመለወጥ ጊዜ የማይሰጥ ጨዋታ ከሆነ ለመድረክ ይሆናል እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ተመልካቹ ዝም ይላል

አንድ ቀን ቡና የሚያፈሉ እናት ፊት "አእምሮ አነባለሁ" ብዬ ጀመርኩ። ካርታቸው ተገልብጦ ሲወጣ አማተቡ። ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ የጤና ነው?" አሉኝ። ጨዋታው አንድም ስህተት አልነበረውም። ያስፈራቸው የእኔ ወሬ ነው። አስማትና ጥንቆላ እዚህ ቀልድ አይደለም፣ ካርታም የቁማር ስም አለው።

አሁን "እትዬ፣ ይሄ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ ብዙ ተለማምጄ ነው" ብዬ እጀምራለሁ። መንፈስ አልጠራም፣ ስለ ውርርድ አላወራም። ተራውን ካርታ እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ራሳቸው ይቆርጡታል። ደስ ብሏቸው "እስቲ ሌላ" ሲሉ፣ ጊሚኩን የማወጣው ያን ጊዜ ነው።